ማይል ስጦታ አይደለም፤ «ቦታ የሚያጣው ያልተዘጋጀ ነው» ላሉት ጸሐፊ ምላሽ

በአየር መንገድ ማይል፣ ማለትም ተጓዥ በበረረ ቁጥር በሚያጠራቅመውና ኋላ በትኬት በሚለውጠው ነጥብ፣ የቢዝነስ ክላስ ወንበር ማግኘት ለምን እንደሚያስቸግር የሚያትት አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ሐዋሳ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ትኬት ሊያስቆርጡ ከሚመጡ ደንበኞቼ ብዙዎቹ አንብበውታል፤ አንዳንዶቹም «ለካ ጥፋቱ የእኛው ነው» እያሉ ጠቅሰውልኛል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ማይል ስጦታ ስለሆነ አይማረሩበትም፤ ቦታ ሞልቷል፣ አስቀድሞ ያልያዘ ግን ያጣል፤ የቢዝነስ ወንበር በማይል ቢታደል አየር መንገዱ ይከስራል፤ በአንዱ ያጣ በአጋር አየር መንገድ ይሂድ፤ በደንቡ የተስማማ ሰው ኋላ መክሰስ አይችልም፤ በመጨረሻም ይህ ሁሉ ጩኸት የባለጸጋ ቅንጦት ነው።

ጸሐፊው ነገሩን የማያውቁ ሰው አይደሉም፤ ብዙ እንደበረሩም ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ነገር ግን የጻፉት የማይገባውን ጥፋት በተጓዡ ላይ የሚጭን ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ትኬት መቁረጥ እንጀራዬ ነው። የምመልሰውም በየዕለቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከማየውና ከደንበኞቼ ከምሰማው ተነሥቼ ነው። በአንድ አየር መንገድ ላይ ብቻ ያነጣጠርኩ እንዳይመስል አስቀድሜ ልናገር፤ የማነሣው ችግር ዓለም አቀፍ ነው።

«ማይል አየር መንገዱ በፈቃዱ የሚሰጠው ስጦታ ነው፤ ስጦታ የተቀበለ ሰው አነሰኝ አይልም» ይላሉ። የጽሑፋቸው ምሰሶ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ከአነሳሱ እንጀምር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የአየር ጉዞ ዋጋንና መስመርን ከመንግሥት ቁጥጥር ነፃ ስታወጣ አየር መንገዶቿ በተጓዥ መሻማት ጀመሩ። በ1979 ቴክሳስ ኢንተርናሽናል የሚባል አየር መንገድ የደንበኞቹን ማይል እየቆጠረ ሽልማት ሰጠ። በሜይ ወር 1981 አሜሪካን ኤርላይንስ «ኤአድቫንቴጅ» የተባለውን ፕሮግራሙን ከፈተ፤ ዩናይትድም በቀናት ልዩነት ተከተለው። ያኔ ሐሳቡ ቀላል ነበር። አውሮፕላኑ በየቀኑ ባዶ ወንበር ይዞ ይበራል፤ ባዶውን ወንበር ለታማኝ ደንበኛ መስጠት ከምግቡና ከትንሽ ነዳጅ በቀር የሚያስወጣው ነገር የለም። በዚያ ዘመን «ስጦታ» የሚለው ቃል ያስኬድ ነበር።

ያ ዘመን ግን ብዙ አልቆየም። በ1987 አሜሪካን ኤርላይንስና ሲቲባንክ በጋራ የክሬዲት ካርድ አወጡ፤ ካርዱን የሚጠቀም ሰው ሳይበር በገበያ ወጪው ብቻ ማይል ያገኛል። ያን ማይል ባንኩ ከአየር መንገዱ የሚወስደው በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ማይል እንደ ወንበር ሁሉ ሸቀጥ ሆነ። ዴልታ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በ2023 ክሬዲት ካርድ ከሚያወጣው ከአሜሪካን ኤክስፕረስ ብቻ ያገኘው ገቢ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለዚህ ገቢ ዋናው ምንጭ ደግሞ የማይል ሽያጭ ነው።

የኮሮና ጊዜ ደግሞ ነገሩን ፀሐይ ላይ አሰጣው። አውሮፕላኖች መሬት ላይ ቆመው፣ ገቢ ተቋርጦ፣ አየር መንገዶቹ ለብድር የሚያስይዙት ሲፈልጉ ያቀረቡት የማይል ፕሮግራማቸውን ነበር። ዩናይትድ በ2020 ፕሮግራሙን አስይዞ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ፤ ዴልታ በዚያው ዓመት 9 ቢሊዮን፤ አሜሪካን ኤርላይንስ በ2021 10 ቢሊዮን። አበዳሪ ለስጦታ ማከፋፈያ እንዲህ ያለ ገንዘብ አያወጣም። ለባንክ ሲቀርብ ሀብት፣ ለተጓዡ ሲሆን ስጦታ የሚሆን ነገር የለም።

በሂሳብ መዝገብም እንዲሁ ነው። ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት አይኤፍአርኤስ 15 የተባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ፣ አየር መንገዱ ከትኬቱ ዋጋ ላይ የማይሉን ድርሻ ለይቶ እንደ ዕዳ እንዲይዘው ያዛል። ድርሻው ወደ ገቢ የሚዞረው ተጓዡ ማይሉን ሲጠቀምበት ወይም ማይሉ ሲቃጠል ነው። የሂሳብ ሠራተኛው «ዕዳ አለብን» ብሎ የጻፈውን የሽያጭ ክፍሉ «ስጦታ ነው» ሊለን አይችልም። አንድ መምህር ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ ለጉባኤ ሲበር ያጠራቀመው ማይል ዋጋው በከፈለው ትኬት ውስጥ ተቆርጧል። ዕቃው ተሽጧል፣ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ የቀረው ማስረከብ ነው።

ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። መንግሥት የውጭ ምንዛሬን ለገበያ በለቀቀበት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከመቶ በላይ ሆነ። የዓለም አቀፍ ትኬት ዋጋ ከዶላር ጋር ስለሚሄድ፣ በብር የሚቆጥብ ሰው ለዓመታት ያስቀመጠው ገንዘብ ትኬት ፊት ሲቀርብ ግማሽ ሆኖ ጠበቀው። ማይሉ ግን በብር አልተቆጠረም። ያኔ እኔ ዘንድ እየመጡ «ያለኝ ማይል ምን ያደርግልኛል?» ብለው የጠየቁኝ ሰዎች ቅንጦት ፈላጊዎች አልነበሩም። ዋጋው ያልቀለለ አንድ ነገር ቢኖራቸው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛውን ነጥባቸውን በተረት አስጊጠውታል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ካሉ በኋላ፣ አየር መንገዶች ሽያጭ የሚከፍቱት ከ11 ወር ገደማ በፊት ስለሆነ ያኔ የተነሣ ሰው ቦታ አያጣም ይላሉ።

መጥኖ ለመደቆስ እኮ መጠኑ መታወቅ አለበት። ዴልታ እ.ኤ.አ. በ2015 የማይል ዋጋ ሠንጠረዡን ከድረ ገጹ አነሣው። ዩናይትድ በ2019 የራሱን ሠንጠረዥ ትቶ ዋጋው እንደ ገበያው ከፍ ዝቅ እንዲል አደረገ። ሌሎችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። አንድ ሰው ለቢዝነስ ክላስ ስንት ማይል እንደሚያስፈልግ አይቶ፣ ለሦስት ዓመት አጠራቅሞ ሲደርስ ዋጋው ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል። ይህን ሰው ያልተዘጋጀ ማለት ግፍ ነው። ተዘጋጅቶ የነበረው እሱ ነው፤ የተነቃነቀው መድረሻው ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ልውሰዳችሁ፤ ነገሩ በዓይን ሲታይ ይገባል። አንድን በረራ ስንከፍት ወንበሮቹ በፊደል ተከፋፍለው ይታያሉ። በብዙ አየር መንገዶች ጄ፣ ሲ፣ ዲ እና ዜድ በገንዘብ የሚሸጡ የቢዝነስ ክፍሎች ናቸው፤ ከሙሉ ዋጋ ወደ ቅናሽ ይወርዳሉ። ስታር አልያንስ በተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባላት ዘንድ የማይል ቢዝነስ ፊደሉ «አይ» (I) ነው። ከየፊደሉ አጠገብ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ከ9 አይበልጥም፣ 9 ማለትም ዘጠኝና ከዚያ በላይ ወንበር አለ ማለት ነው።

ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ካናዳ ልጆቻቸው ዘንድ ሊሄዱ እኔ ጋ መጡ። ጉልበታቸውን ክፉኛ ያማቸዋል፤ ለረጅም ሰዓት እግራቸውን አጥፈው መቀመጥ አይችሉም። ልጃቸው ማይል አጠራቅማለች፣ በስልክ ሆና «ወንድሜ፣ እማዬ ተኝታ ትምጣልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» ትለኛለች። በረራውን ከፈትኩ። ጄ9፣ ሲ9፣ ዲ9፣ ዜድ9፤ አይ0። በገንዘብ ለሚመጣ ሰው ካቢኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ በማይል ለሚመጣ አንድም የለም። ቀን ቀየርን፤ ያው ነው። ጉዞው ገና ወራት ይቀሩት ነበር። አየር መንገዱ ጋ ደወልን፤ መልሱ «የማይል ኮታው አልቋል» የሚል ሆነ። ኮታው ስንት ነበር ብዬ ስጠይቅ ግን የሚነግረኝ አልተገኘም። እትዬ በመጨረሻ በኢኮኖሚ ሄዱ። ሲመለሱ የነገሩኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ልጄ፣ በዚያ በቢዝነሱ በኩል አልፌ ስገባ እኮ ወንበሩ ባዶ ነው። ሰው ይመጣበታል ብዬ ነበር፣ ማንም ሳይመጣበት በሩ ተዘጋ።»

ጸሐፊው «ቦታ ሞልቷል» ማለታቸው በአንድ በኩል እውነት ነው፤ ሞልቷል። የተሰወረው ለማይል ስንት እንደተመደበ ነው። ከ11 ወር በፊት ሽያጩ ሲከፈት አንዳንዱ አየር መንገድ ለማይል ሁለት ወንበር ያወጣል፣ አንዳንዱ ምንም አያወጣም፤ ሌላው ደግሞ የቀረውን የሚለቀው ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። መቼ እንደሚከፈት ያልተነገረው ሰው በር ላይ ቢያድርም አልተኛህም ብሎ የሚያመሰግነው የለም።

ሌላው ደግሞ የእኛ ኑሮ ነው። በርግጥ ቀኑ የታወቀ ጉዞ አለ። ለታኅሣሥ 19ና ለሐምሌ 19 ሐዋሳ ገብርኤልን ለመሳለም ከውጭ የሚመጣ ሰው ዓመት ቀድሞ ማቀድ ይችላል፤ እኔም ዘወትር የምመክረው ይህንኑ ነው። የፍቼ ጨምበላላን በዓል ግን ማን በ11 ወር ይቀድመዋል? የሲዳማ ዘመን መለወጫ ቀኑ በግድግዳ ካላንደር አይታወቅም፤ አያንቶዎች የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ አይተው ነው የሚወስኑት። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ከነዚህ የዘመን አቆጣጠር ሊቃውንቱ ዕውቀት ጋር ነው። ጉዱማሌ ተገኝቶ ከወገኖቹ ጋር ሊያከብር ከሚኒሶታ የሚነሣ የሲዳማ ልጅ ቀኑን የሚሰማው ዘግይቶ ነው፤ ያኔ «ቀድሞ ነበር እንጂ» ብሎ መተረት ምን ይሉታል?

ለቅሶም አለ፤ ማንም አስቀድሞ አይዘውም። ቪዛም አለ፤ የቀጠሮው ቀን በኤምባሲው እጅ ነው፣ ፓስፖርቱ ከተመለሰ በኋላ ለጉዞው የሚቀረው ጊዜ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ነው። ቪዛ ሳይያዝ ትኬት መቁረጥ ደግሞ ማይሉን ለመሰረዣ ቅጣት ማጋለጥ ነው። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ፓስፖርት ለሚጓዝ ሰው የሚሠራ ምክር ለእኛ ሳይለካ ተሰጠን።

በሦስተኛው ነጥብ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። በገንዘብ የሚሸጥን ወንበር አየር መንገዱ ለማይል ይስጥ የሚል ሰው የለም፣ እኔም አልልም። አየር መንገድ የሚኖረው በዚያ ካቢን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787-8 አውሮፕላን 24 የቢዝነስ ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ ከ240 በላይ የሆነው ሌላው ወንበር ኢኮኖሚ ነው። በረጅም መስመር ላይ የነዚያ 24 ወንበሮች ገቢ ከቁጥራቸው በላይ እንደሚመዝን ማንም የዘርፉ ሰው ያውቃል።

ግን አሠራሩ በትክክል ይነገር። የገቢ አስተዳደር ክፍሉ ያለፉትን ዓመታት ሽያጭ ይዞ፣ በዚህ ቀን በዚህ መስመር ስንት ሰው በሙሉ ዋጋ እንደሚመጣ ይተነብያል። ማይል የሚከፈተው ትንበያው «ይህ ወንበር አይሸጥም» ሲል ነው። ትንበያው ፈሪ ከሆነ፣ ማለትም «ምናልባት የመጨረሻ ቀን ነጋዴ ይመጣ ይሆናል» እያለ ከያዘው፣ ወንበሩ ሳይሸጥም ሳይሰጥም ባዶውን ይበራል። ባዶውን የበረረ ወንበር ለማንም ገቢ አላስገኘም፤ አየር መንገዱ ግን ዕዳውን ሊቀንስበት የሚችል ዕድል አለፈው። ታዲያ «በማይል ቢታደል ይከስራል» የሚለው ስሌት የትኛውን ወንበር ቆጥሮ ነው?

በቅርብ ዓመታት የመጣ ሌላም ነገር አለ፤ ጸሐፊው አላነሡትም። ጉዞው ሲቃረብ ሳይሸጥ የቀረውን የቢዝነስ ወንበር ብዙ አየር መንገዶች ለኢኮኖሚ ተጓዦች በጨረታ ያቀርቡታል፤ «ይህን ያህል ጨምረህ ወደ ፊት እለፍ» የሚል መልእክት በኢሜይል ይመጣል። ድሮ በመጨረሻው ሳምንት ለማይል ይለቀቅ የነበረው ያ ወንበር ነው። ንግድ ነው፣ አልቃወምም። ግን የማይል ወንበር የጠበበው ተጓዡ ስለሰነፈ አይደለም፤ አየር መንገዱ ለዚያው ወንበር ሌላ ገዢ ስላገኘለት ነው። ይህን ሳይናገሩ ጥፋቱን ወደ ተጓዡ ማዞር ትክክል አይደለም።

ደግሞስ በርግጥ ቁጥር ማሳወቅ ያከስራል? ብሪቲሽ ኤርዌይስ በእያንዳንዱ የረጅም መስመር በረራው ላይ ቢያንስ 4 የቢዝነስ፣ 2 የፕሪሚየም ኢኮኖሚና 8 የኢኮኖሚ ወንበር ለማይል እንደሚያወጣ በይፋ ቃል ገብቷል፤ ወንበሮቹም የሚለቀቁት ሽያጩ ከ355 ቀን በፊት ሲከፈት ነው። አራት ወንበር ብዙ አይደለም፤ ቶሎም ያልቃል። ነገር ግን ተጓዡ አራት እንደሆነ ያውቃል፣ መቼ እንደሚከፈትም ያውቃል። የጸሐፊው ምክር የሚሠራው እንዲህ ያለ ቃል ባለበት ቦታ ብቻ ነው።

«በአንዱ ያጣ በአጋር ይሂድ» የሚለውን ደግሞ ካርታ ላይ አስቀምጠን እንየው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2011 ጀምሮ የስታር አልያንስ አባል ነው፤ ሼባማይልስ የተባለው ፕሮግራሙ ማይል በአባላቱ ላይ ይሠራል፣ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ከአዲስ አበባ ሉፍታንዛ፣ ተርኪሽና ኢጂፕትኤር ይበራሉ። ነገር ግን ብዙ ጊዜ አንድ አየር መንገድ ለአጋሮቹ የሚያወጣው ወንበር ለራሱ አባላት ከሚያወጣው ያነሰ ነው። ሲንጋፖር ኤርላይንስ የረጅም መስመር ቢዝነሱን ለአጋር ማይል በአብዛኛው ዝግ አድርጎ ይዞታል። የስዊስ አንደኛ ማዕረግም ለአጋሮች ተጓዥ አይከፈትም። አጋርነቱ በወረቀት ሰፊ ነው፤ ፊደል «አይ» ላይ ሲደርስ ይጠባል።

ወንበሩ ተገኘ እንበል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በፍራንክፈርት በኩል ለማለፍ ብቻ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ኢትዮጵያ የሸንገን አገሮች ይህን ከሚጠይቋቸው አገሮች አንዷ ናት። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ነፃ ነው። ወደ ብራዚል ዕቃ ሊያይ የሚሄድ የሐዋሳ ነጋዴ ግን ነፃ አይደለም። ለማለፊያ ቪዛ ብሎ አዲስ አበባ ወጥቶ፣ ቀጠሮ ይዞ፣ ከፍሎ የሚያገኘው ነፃ ወንበር ነፃነቱ የቱ ጋ ነው? በዚያ ላይ የአየር መንገዱ ተጨማሪ ክፍያ አለ። በማይል በተቆረጠ ትኬት ላይ የኤርፖርት ታክስ መክፈል ያለ ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች ግን የነዳጅ ጭማሪ የሚሉትንም ይደርቡበታልና በረጅም መስመር ቢዝነስ ላይ በመቶዎች ዶላር ይደርሳል። ደንበኛዬ «ነፃ ትኬት» ሲባል ሰምቶ መጥቶ ይህን ስነግረው ፊቱ የሚለወጠውን ጸሐፊው አላዩትም።

አምስተኛው፣ «ደንቡ ላይ አየር መንገዱ በማንኛውም ጊዜ መለወጥ ይችላል ተብሎ ተጽፏል፤ ተስማምተሃል» የሚለው ነው። ተጽፏል፣ እውነት ነው። ግን ይህ ክርክር አዲስ አይደለም፣ ፍርድ ቤትም ደርሷል። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1988 በማይል ትኬት ላይ የተከለከሉ ቀኖችንና የወንበር ገደብን አምጥቶ፣ አስቀድሞ በተጠራቀመ ማይል ላይም ተግባራዊ አደረገው። ተጓዦች ከሰሱ። ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1995 ሲወሰን፣ በአንዲት የአሜሪካ ግዛት የሸማቾች ሕግ የቀረበው አቤቱታ ውድቅ ቢሆንም የውል ጥሰት አቤቱታው ግን ሊታይ ይችላል ተባለ። አየር መንገዱ ራሱ በፈቃዱ የገባው ቃል ያስረዋል ማለት ነው። በ2014 በኖርዝዌስት ላይ በቀረበ ሌላ ክስ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ለአየር መንገዱ ፈረደ፤ ያም መነገር አለበት። በሴፕቴምበር 2024 የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር አሜሪካንን፣ ዴልታን፣ ሳውዝዌስትንና ዩናይትድን ስለ ማይላቸው መርከስና ስለ ዋጋ ግልጽነት ጽፈው እንዲያስረዱ አዘዘ። መንግሥት የጠየቀውን ጥያቄ ተጓዡ ሲጠይቅ «ፈርመሃል» ተብሎ ዝም አይሰኝም። በእኛም አገር የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

የባለጸጋ ቅንጦት ነው ስላሉት ብዙ አልልም። ባለጸጋው ጄ ክፍልን በሙሉ ዋጋ ይገዛል፤ የማይል ኮታ ጉዳዩ አይደለም። በማይል ቢዝነስ የሚፈልጉት እኔ የማያቸው ሰዎች ሌሎች ናቸው። ወገቡን ኦፕራሲዮን ሊደረግ ባንኮክ የሚሄድ፣ አረጋዊ እናቱን የሚያስመጣ፣ መሥሪያ ቤቱ በኢኮኖሚ ዓመታት ሲያበርረው የኖረና ለአንድ ጊዜ ከባለቤቱ ጋር ተዘርግቶ ሊተኛ የተመኘ ሰው። እነዚህ ሰዎች የሚገዙት ርካሹን ትኬት ስለሆነ፣ ብዙ ፕሮግራሞች ለርካሽ ክፍል የሚሰጡት ማይል ደግሞ ከበረሩት ርቀት ሩቡን ወይም ግማሹን ብቻ ስለሆነ፣ ለመሙላት የሚፈጅባቸው ዓመት ረጅም ነው። «ብዙ ብረሩ፣ ወርቅ ደረጃ ድረሱ፣ ያኔ ይከፈትላችኋል» ሲባሉ ምን እንደሚሰማቸው አስቡት።

ከአየር መንገዶች የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው። በየበረራው ለማይል የሚያወጡትን ዝቅተኛ የወንበር ቁጥር በይፋ ይንገሩን፤ ሁለትም ቢሆን ሁለት ይበሉ። ወንበሩ የሚለቀቅበትን ቀን ያሳውቁን። ዋጋ ሲጨምሩ ደግሞ አስቀድመው ወራት ሰጥተው ይናገሩ፤ አስቀድሞ ያጠራቀመ ሰው በቀድሞው ዋጋ የሚጠቀምበት ጊዜ ያግኝ። ጸሐፊው በዘርፉ ሰው የሚያውቁ ይመስለኛል። በሚቀጥለው ጽሑፋቸው እኛን ከመገሠጽ ይልቅ ይህን ቁጥር ይጠይቁልን፤ ካገኙም እዚህ ሐዋሳ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጽፌ እለጥፈዋለሁ።